ጥንድ እስክስታ ከዳስ ወደ መድረክ

ዘፈን የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛችን በድምፅ ለሚዜመው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በግእዝ ግን ዘፈነ ማለት በአካል መጨፈር ነበር። በወንጌል እንደ ተጻፈው የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ የልደት በዓል በተጋባዦቹ መካከል ያደረገችው ነገር በግእዙ መጽሐፍ በዚሁ ግስ የተነገረ ነው። ቃሉ ውሎ አድሮ ከአካል ወደ ድምፅ ሲሻገር፥ ለአካሉ ንቅናቄ ሌሎች ስሞች ወጡለት። ሰው ሁሉ በሠርግና በበዓል ተሰብስቦ የሚያደርገው ጭፈራ ተባለ። ትከሻና ደረት፥ አንገትም የሚሠራበት እስክስታ ተባለ። ከባሕር ማዶ መጥቶ ወንድና ሴት ተያይዘው የሚረግጡት ዳንስ ተባለ። በቴአትር መድረክ ላይ ለተመልካች የሚቀርበው ደግሞ ውዝዋዜ ተብሎ፥ አድራጊው ተወዛዋዥ የሚል የሙያ ስም አገኘ።

እነዚህ ስሞች እንዲያው የቃላት ብዛት ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ ስም የጨዋታውን ስፍራና የአድራጊውንና የተመልካቹን ግንኙነት ያመለክታል። በጭፈራ ጊዜ ጨፋሪና ተመልካች አይለዩም፤ አሁን የሚያጨበጭበው ኋላ ይጨፍራል። በውዝዋዜ ግን ተመልካቹ በወንበር፥ ተወዛዋዡ በመድረክ ሆነው ተለያይተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች ከብዙ ሰው መካከል ወጥተው ለጥቂት ደቂቃ የሚያሳዩት የጥንድ ጨዋታ ነው። ይህ አጭር ትርኢት ከዳስ ተነሥቶ ከመድረክ እስኪደርስ ያለፈበትን መንገድ ብንከተል፥ ዛሬ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት በዓል ላይ የምናቀርበው የባህል ጨዋታ ምን እንዳገኘና ምን እንደ ጎደለው ለመረዳት እንችላለን።

ነገሩን ከአንድ ስፍራ እንጀምር። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ሞልተው ሲፈሱ በምድሩ ላይ ውኃ ይተኛበታል። አገሩ ከጥንት በስሙ በሚጠራው የፎገራ ከብት፥ ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሩዝ የታወቀ ነው። የወንዛዬ ፍል ውኃ ፈውስ ሽቶ ከልዩ ልዩ ቀበሌ የሚመጣውን ሰው ያገናኛል። የወረታ ከተማም የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎጃም፥ ሁለተኛው ወደ ጎንደር፥ ሦስተኛው በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ ወደ ወልድያና ወደ ወሎ ይወስዳል። ስለዚህ በዚህ ሜዳ የሚኖር ሰው የጎጃሙን፥ የጎንደሩንና የወሎውን እስክስታ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ሠርጉ የሚበዛው በጥር ወር ነው። አዝመራው ተሰብስቦ፥ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፥ በሠርገኛው ቤት ዳስ ይጣላል። ከበሮው ሲመታ ሰዉ ክብ ይሠራል። አውራጁ ያወርዳል፥ ተቀባዩ ይቀበላል፥ ጭብጨባውና እልልታው ይከተላል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከክቡ ወጥቶ ወደ መካከል ይገባል። እስክስታውን እየወረደ ወደ አንዱ ይዞርና በትከሻው ይጠራዋል። የተጠራው ሰው እምቢ ማለት ያሳፍረዋልና ይገባል። ሁለቱም ፊት ለፊት ይቆማሉ። አይነካኩም፥ እጅ ለእጅም አይያያዙም፤ ነገር ግን አንዱ የሠራውን ሌላው ይመልስለታል፥ ከራሱም ይጨምርበታል። አንዱ ትከሻውን ሲያርገፈግፍ ሌላው በአንገቱ ይመልሳል፤ አንዱ ወደ ምድር ዝቅ ሲል ሌላውም እየተከተለ ዝቅ ይላል። በዙሪያው ያለው ሰው እስክስ እያለ ያሟሙቃቸዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ወደ ክቡ ይመለሳሉ፥ ሌሎች ሁለት ይተካሉ።

ይህ ጨዋታ በጽሑፍ ያልተደነገገ ሦስት ሕግ አለው። የመጀመሪያው፥ መካከሉ የማንም ርስት አለመሆኑ ነው፤ ሽማግሌም ይገባበታል፥ ጎረምሳም ይገባበታል፥ የሙሽራው እናትም ትገባበታለች። ሁለተኛው፥ የገባ ሰው መልስ የሚሰጠው ጓደኛ የሚያገኝ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፥ የገባ ሁሉ የሚወጣ መሆኑ ነው። ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መካከሉን ይዞ የሚቀር ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል፤ ክቡ የሰጠውን ስፍራ መልሶ ለክቡ ማስረከብ አለበት። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ በተግባር ይታያል፤ በዳር ሆኖ የሌላውን ትከሻ ሲነቅፍ የነበረው ሰው ተራው ደርሶ ሲገባ የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። እንደዚህ ስለ ሆነ በክቡ ውስጥ ያለው ተመልካች ሁሉ የሚያየውን ነገር ከራሱ አካል አውጥቶ የሚመዝን ዐዋቂ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አጭር ትርኢት ትናንት ከውጭ የመጣ ነገር አለመሆኑን ነው። የዳሱ ጥንድ ለጥቂት ደቂቃ ያሳያል፥ ይወጣል። ለማሳየት መግባት፥ ለማየት መክበብ፥ አሳጥሮም መጨረስ የቆየ ልማዳችን ነው።

በዳሱና በመድረኩ መካከል እንደ ድልድይ የሚቆመው የአዝማሪው ሙያ ነው። በጎንደር አገር ባል ማሲንቆ እየመታ፥ ሚስት እየዘፈነችና እስክስታ እየወረደች በግብዣና በጠጅ ቤት ሲዘዋወሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። አዝማሪ እንጀራው ይኸው ስለ ሆነ ከሠርገኛው ይለያል፤ ሽልማት ይቀበላል፥ ብሩም በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ነገር ግን ከሰው ተለይቶ ከፍ ባለ ስፍራ አይቆምም። ወደ እያንዳንዱ እንግዳ ቀርቦ በፊቱ ይጫወታል፥ እንግዳውም ተቀበል ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። ሴቲቱ በትከሻዋ የጠራችው እንግዳም ተነሥቶ ይመልስላታል። እንግዲህ አዝማሪው ተከፋይ ቢሆንም ተመልካቹን ከጨዋታው አላስወጣውም።

ፊት ለፊት ቆሞ መቀባበል በአገራችን ምን ያህል ሥር የሰደደ ሥርዓት እንደ ሆነ ለመረዳት የቤተ ክርስቲያናችንን አቋቋም መመልከት ይበቃል። በደብረ ታቦርና በጎንደር መምህራን በጥንቃቄ ተጠብቆ በሚሰጠው በዚህ ትምህርት፥ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፥ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ እየመሩአቸው፥ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው አንዱ ወገን ለሌላው እያነሣ ያሸበሽባሉ። ይህ ጸሎት እንጂ ጨዋታ አይደለምና ከዘፈን ጋር አንቀላቅለውም፤ ካህናቱም እንዲህ ያለውን ንጽጽር አይወዱትም። ለማሳሰብ የፈለግነው፥ አንዱ የሰጠውን ሌላው ተቀብሎ መመለስ በቅዱሱም በተራውም ስፍራ የኖረ የአገራችን ሥርዓት መሆኑን ብቻ ነው።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ጥንድ ዳንስ በሚደረግበት ስፍራ አጭር ማሳያ የተለመደ ነው። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በኦፔራው ቤት በሚደረገው ታላቅ የዳንስ ሌሊት፥ በመጀመሪያ ልጃገረዶቹ ነጭ ቀሚስ፥ ወጣቶቹ ጥቁር ልብስ ለብሰው በጥንድ ሆነው ያሳያሉ። እነርሱ ሲጨርሱ ሁሉም ዋልስ ይርገጥ የሚል ቃል ይታወጃል፥ ወለሉም ለተጋባዡ ሁሉ ይለቀቃል። በአርጀንቲና በቦነስ አይረስ ሚሎንጋ በሚባለው የታንጎ ምሽት፥ በሌሊቱ መካከል ወለሉ ይጸዳና የተጋበዙ ጥንዶች ጥቂት ዜማ ብቻ ይጫወታሉ፤ ከዚያም የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይቀጥላል። ታንጎ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ የገባው አርጀንቲናና ኡራጓይ በአንድነት ባቀረቡት ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ቨርነን ካስልና አሜሪካዊት ሚስቱ አይሪን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በፓሪስና በኒውዮርክ ምግብ ቤቶች በእራት ተጋባዦች መካከል እየተነሡ አዳዲስ ዳንስ ያሳዩ ነበር፤ ያያቸው ሰው ሁሉ ለመማር ስለ ፈለገ በኒውዮርክ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለእኛ ዳስ የሚቀርበው በኒውዮርክ በሃርለም ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1926 የተከፈተው ሳቮይ የተባለው የዳንስ አዳራሽ ነው። በዚያ ጥቁሩም ነጩም በአንድ ወለል ላይ ይጨፍር ነበር። ጨዋታው ሲሞቅ ሰዉ ክብ ይሠራል፤ ጥንዶች በየተራ ወደ መካከል ገብተው የቻሉትን ያሳያሉ፥ ሲወጡም ሌሎች ይተካሉ። ውቅያኖስ የሚለያቸው ሁለት ሕዝቦች፥ አንዱ በትከሻ አንዱ በእግር ቢጫወቱም፥ የክቡን ሕግ ግን አንድ ዓይነት አድርገው ሠርተውታል። በቪየናም በቦነስ አይረስም በሃርለምም ማሳያው የሚደረገው ሌላውን ሰው ለማስነሣት ነው፤ ሲያልቅ ወለሉ ለሕዝቡ ይመለሳል።

አሁን ወደ አገራችን መድረክ እንመለስ። የኢጣልያ ወረራ እየቀረበ በመጣበት ጊዜ፥ በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ማኅበሩ ሕዝቡን በንግግር ብቻ ሳይሆን በማሲንቆና በከበሮ፥ በቀረርቶና በጭፈራ ይቀሰቅሰው ነበር። የእስክስታ የመድረክ ታሪክ እንግዲህ ከዘመቻ ጥሪ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያ ጊዜ የተጠራው ሰው ጥሪውን የሚመልሰው በትከሻው ሳይሆን በጠብመንጃው ነበር። ከነጻነት በኋላ የሀገር ፍቅር ቴአትር የዘወትር ቤት ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፥ በቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ተውኔት በዳዊትና ኦርዮን ተመርቆ ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ዘፋኙና ተወዛዋዡ የወር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ሆነ። ቀድሞ አዝማሪ የሚለው ስም ለስድብ ይነገር እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በተለይ ሴቲቱ በሙያዋ ተቀጥራ፥ በስሟ ተጠርታ፥ ከመድረክ ስትወርድ ጭብጨባ እንድትቀበል ያደረጋት መድረኩ ነው።

በዚያው ዘመን በከተማው ሆቴሎች የአውሮፓው የጥንድ ዳንስ ይዘወተር ነበር። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ዋልስና ታንጎ ሲመቱ፥ የተማረው ወጣትና የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከጓደኛው ጋር ተያይዞ ይረግጥ ነበር። ኋላ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲጣል የሌሊቱ ዳንስ ተቋረጠ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ በዚያ ዘመን በአንድ ከተማ ውስጥ የውጭው ዳንስ ሕዝቡ ራሱ በወለሉ ላይ የሚረግጠው ሲሆን፥ የአገሩ እስክስታ ግን ገንዘብ ከፍሎ በወንበር ተቀምጦ የሚታይ ወደ መሆን መድረሱ ነው።

መድረኩ በጥንዱ ላይ ሦስት ለውጥ አደረገ። አንደኛው የፊት አቅጣጫ ነው። በክብ ውስጥ ጀርባ የሚባል ነገር የለም፤ ወደ የትም ብትዞር የሰው ፊት ነው። መድረክ ግን ሦስቱ ወገን ዝግ፥ አንዱ ብቻ ክፍት ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢቆሙ ተመልካቹ ጎናቸውን ብቻ ስለሚያይ፥ ወደ አዳራሹ ዘወር እንዲሉ ተደረገ። ቀጥሎም ጥንዶቹ ብዙ ሆነው በአንድ መስመር ቆሙ፤ አንዱ ጓደኛውን ማየት ትቶ ሕዝቡን ማየት ጀመረ። ሁለተኛው የጊዜ ለውጥ ነው። በዳስ ጨዋታው የሚያልቀው ሲጠገብ ነው፤ በመድረክ የሚያልቀው በፕሮግራሙ የተመደበለት ደቂቃ ሲያልቅ ነው። ሦስተኛው መልስ የሚባለው ነገር መቅረቱ ነው። ሁሉም በአንድ ልብስ፥ በአንድ ቁጥር፥ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት እንዲያደርጉ ይለማመዳሉ። ያልታሰበ ነገር ያደረገ ተወዛዋዥ እንደ ተሳሳተ ይቆጠራል፤ በዳስ ግን የሚደነቀው ያንኑ ያልታሰበውን ያመጣ ሰው ነበር።

ይህን ለውጥ እንደ ጥፋት ብቻ መቁጠር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል፥ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፥ ማሲንቆውን፥ ክራሩን፥ ዋሽንቱን፥ በገናውንና ከበሮውን ቀድሞ ባልተለመደ አኳኋን በአንድ መድረክ አሰባሰባቸው። ኋላም አቶ ተስፋዬ ለማ ቡድኑን በመሪነት አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ አሜሪካ ተጉዞ የአገራችንን ሙዚቃና ጭፈራ አሳይቷል። ይህን የመሰለ ሥራ ዳስ ሊሠራው አይችልም። የአንዱን አገር ጨዋታ ለሌላው አገር ሰው ለማድረስ መድረክ ያስፈልጋል።

በዚሁ ጊዜ የውጭ ሊቃውንትም ነገሩን መመርመር ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የሀንጋሪ አጥኚዎች ጊዮርጊ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የየአገሩን ጭፈራና ዜማ መዘገቡ፤ ማርቲን ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች የጻፈውን አሳተመ። ሌላው ሀንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሲም ከ1970 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። እነዚህ ሰዎች እስክስታን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን በእግር፥ በትከሻና በአንገት ተለይቶ ሊመረመር እንደሚገባ ዕውቀት አድርገው ተመልክተውታል። ለአስተማሪዎቻችን አርአያ የሚሆን አሠራር ነው።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር መድረኩ ወደ ሰው ቤት ገባ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ የኪነት ቡድን በየቀበሌው፥ በየፋብሪካውና በየጦር ክፍሉ ተቋቋመ። ከእነርሱ መካከል የጎጃም ጊሽ ዓባይ፥ የጎንደር ፋሲለደስና የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድኖች ስማቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ከላይ እንዳልነው ከወረታ ሦስት መንገዶች ወደ እነዚህ ሦስት አገሮች ይወጣሉ። ቀድሞ በእነዚህ መንገዶች የሚመጣው ሠርገኛና ነጋዴ፥ የአገሩን እስክስታ በትከሻው ይዞ ከዳሱ ክብ ገብቶ ከፎገራው ሰው ጋር ይቀባበል ነበር። አሁን ግን የሦስቱም አገር እስክስታ ተመርጦና ተስተካክሎ፥ አጥሮም፥ በካሴትና በቴሌቪዥን ይመጣ ጀመር። ቀድሞ የሚቀባበሉት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን አንዱ ወገን የሚያሳይ፥ ሌላው ወገን የሚያይ ሆነ።

የመድረኩ አጭር ትርኢት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ግን በ1980 ዓ.ም. ገደማ ታይቷል። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ለኢትዮጵያ የእርዳታ እጁን ለዘረጋው ዓለም ምስጋና ለማቅረብ ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ጉዞ ወደ ብዙ አገሮች ተላከ። ኢትዮጵያን በረኀብተኛ ፎቶግራፍ ብቻ ያውቃት የነበረው የውጭ ሰው፥ በጥቂት ደቂቃ እስክስታ ሌላ መልኳን አየ። ንግግር ቢደረግ አስተርጓሚ ባስፈለገው ነበር፤ ትከሻው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ከአገር የወጡ ወገኖችም ነገሩን ይዘውት ሄደዋል። በእስራኤል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ሩት ኤሼል የተባለች የዳንስ ባለሙያ፥ ከኢትዮጵያ ከሄዱት ቤተ እስራኤል ወገን የሆኑ ተማሪዎችን ሰብስባ እስክስታ ተብሎ የሚጠራ ቡድን መሠረተች። ወጣቶቹ ወላጆቻቸው ከጎንደርና ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ይዘውት የሄዱትን ትከሻ መነሻ አድርገው አዲስ የመድረክ ሥራ ሠሩ። በባዕድ አገር ያለ ልጅ የአባቱን ትከሻ ለመማር መድረክ ካስፈለገው፥ በአገሩ ያለው ልጅ ዳሱ ከበሩ ላይ ሳለ ተመልካች ብቻ ሆኖ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

ዛሬ አጭር የባህል ትርኢት የሌለበት በዓል ማግኘት ያስቸግራል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 ቀን በሚከበረው የብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን እያንዳንዱ ወገን ጨዋታውን በጥቂት ደቂቃ ያቀርባል። በትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን ልጆች አንድ ዓይነት ጥበብ ለብሰው ይወጣሉ። በስብሰባ መክፈቻና በእንግዳ አቀባበልም ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነቀፋ፥ ባህሉን በአምስት ደቂቃ አሳጠሩት የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ ማጠሩ አይደለም። በዳስ የገባው ጥንድም ከአምስት ደቂቃ በላይ በመካከል አይቆይም ነበር። ልዩነቱ፥ የዳሱ ጥንድ ሲወጣ ሌላው የሚገባ መሆኑ፥ የመድረኩ ጥንድ ሲወጣ ግን መጋረጃው የሚዘጋ መሆኑ ነው። ተመልካቹ ተራው ስለማይደርስ አካሉ አይማርም፤ ሲያጨበጭብም ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ሳያውቅ ያጨበጭባል። ይህ እየቆየ ሲሄድ እስክስታ የሁሉ መሆኑ ቀርቶ ለተወሰኑ ባለሙያዎች የተተወ ይሆናል፤ ሠርገኛውም በገዛ ዳሱ ተቀምጦ የተከራየውን የባህል ቡድን ይመለከታል።

ለዚህ መፍትሔው መድረኩን ማፍረስ አይደለም። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ላለን ሰዎች የሚቻል ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፥ ትርኢቱን የምናዘጋጅ ሰዎች ከተመደበው ጊዜ መጨረሻውን ለተመልካቹ እንተው፤ ተወዛዋዦቹ ወደ አዳራሹ ወርደው፥ እንደ ዳሱ ልማድ፥ በትከሻቸው ሰው ይጥሩ። የተጠራው የክፍል ኀላፊም ቢሆን፥ ርእሰ መምህርም ቢሆን፥ እንግዳም ቢሆን ይነሣ። ሁለተኛ፥ ልጆችን ስናለማምድ ሁሉንም በአንድ መስመር ከማቆም ይልቅ፥ ጥንድ ጥንድ አድርገን ፊት ለፊት እናቁማቸው፤ ከልምምዱም አንድ ክፍል አንዱ የሰጠውን ሌላው በራሱ ፈጠራ የሚመልስበት ይሁን። ተመልካቹ ጎናቸውን ቢያይ ምንም አይጎዳም፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ወንበሩን በዙሪያ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፥ በየቀበሌው ያሉትን አውራጆች፥ ከበሮ መቺዎችና እስክስታ ዐዋቂ ሽማግሌዎች አሮጊቶችም ወደ ትምህርት ቤት ጠርተን ልጆቹ ከእነርሱ ጋር እንዲጫወቱ እናድርግ። በተንቀሳቃሽ ስልክ ሁሉ ፊልም ማንሣት በሚቻልበት በዚህ ጊዜ፥ የተመረጠውን አምስት ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ከበሮው ከተነሣበት ሰዉ እስከ ተበተነበት ያለውን ሙሉ ጨዋታ፥ ክቡንና ተቀባዩን ጨምሮ፥ መዝግቦ በቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ይገባል። ለሚመጣው ትውልድ የጥንዱን ትከሻ ብቻ ብናወርሰው፥ ትከሻው ለማን ይመልስ እንደ ነበረ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ አዳራሽ ወይም ትልቅ በጀት አያስፈልግም። አንድ ከበሮ፥ አንድ አውራጅና ተራው ሲደርስ ለመግባት የማያፍር ሰው ይበቃል። ከእነዚህ ከሦስቱ ለማግኘት የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፤ እርሱንም ከሌላ ሰው ከመጠበቅ ይልቅ፥ በሚመጣው በዓል ወንበር ይዘን የምንቀመጠው እኛው ራሳችን ብንጀምረው ይሻላል።